የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አንድ ጊዜ የተለካ የደም ግፊት የማይነግረን

ኅብለ ሰረሰራቸው በተጎዳ አይጦች ላይ የደም ግፊትና የልብ ምት እንዴት እንደሚለካ የሚያወሳ አጭር ጽሑፍ ባለፈው እትማችን ማውጣታችን ይታወሳል። ያንን ተከትሎ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ከእነዚህ ውስጥ አራቱን መርጠን እናስተናግዳለን፤ ሁለተኛው የባለሙያ ጥያቄ ስለሆነ መልሱ መርዘሙን አንባቢ በትዕግሥት እንዲያይልን እንጠይቃለን።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በግንበኝነት ሲሠራ ከእንጨት መወጣጫ ላይ ወድቆ አንገቱ ተሰብሯል። ከደረቱ በታች አይንቀሳቀስም፤ ሽንቱ የሚወጣውም በካቴተር ነው። አልፎ አልፎ ድንገት ራሱን ይፈልጠዋል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ግንባሩ በላብ ይጠመቃል፣ እግሩ ግን ይቀዘቅዛል። በቅርቡ እንዲህ ሲሆንበት ነርስ የሆኑ ጎረቤታችን ግፊቱን ለክተው 138 በ84 ስላገኙት «ግፊቱስ ደህና ነው» አሉን። እናንተ ስለ አይጥ የጻፋችሁት ምልክት ከእሱ ጋር ተመሳሰለብኝ። የአይጥ ልኬት ለወንድሜ ምን ይነግረኛል? (እኅታችሁ፣ ከሱሉልታ)

መልስ፦ እኅታችን፣ ለወንድምዎ ምሕረቱን ይላክለት። ከማብራሪያው በፊት ማድረግ የሚገባዎትን እንንገርዎ። እንዲህ ያለው ነገር ሲነሣበት አያስተኙት፤ ቀና አድርገው ያስቀምጡትና እግሮቹን ወደ ታች ያውርዱለት፤ ይህ ብቻውን ግፊቱን በመጠኑ ዝቅ ያደርገዋል። ቀበቶውን፣ ጫማውንና የሚያጠብቀውን ልብስ ሁሉ ያላሉለት። ከዚያ የካቴተሩን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመልከቱ፤ ታጥፎ፣ ጭኑ ተጭኖት ወይም የሽንት መያዣው ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ግፊቱን በየጥቂት ደቂቃው ይለኩለት። ሽንቱ በደንብ እየወጣ ከሆነ የሆድ ድርቀት፣ የመቀመጫ ቁስል፣ ወደ ሥጋ የገባ የእግር ጥፍር እንኳ መነሻ ሊሆን ይችላል። መነሻው ካልተገኘ ወይም ግፊቱ አልወርድ ካለ ጊዜ ሳይሰጡ ሆስፒታል ያድርሱት፤ ለሐኪሙም አንገቱ ላይ ጉዳት እንዳለበትና «ኦቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ» የሚባለውን ድንገተኛ የግፊት መተኮስ እንደሚጠረጥሩ ይንገሩ።

ጎረቤትዎ የለኩት ቁጥር ትክክል ነው፤ ያልታየው ከየት ተነሥቶ እዚያ እንደደረሰ ነው። አንገታቸው ላይ ኅብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሰዎች ዕረፍት ላይ ሳሉ የላይኛው ግፊታቸው ብዙውን ጊዜ ከ90 እስከ 110 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ባለው መካከል ነው። የወንድምዎ የዘወትር ግፊት 95 ከሆነ 138 ማለት ከ40 በላይ ወጥቷል ማለት ነው። ባለሙያዎች ይህን ችግር የሚለዩት ግፊቱ ከራሱ ከሰውየው የዘወትር ልክ በ20 ወይም ከዚያ በላይ ሲጨምር ስለሆነ፣ ለእኔ ወይም ለእርስዎ ደህና የሚባለው 138 ለእሱ የአደጋ ምልክት ነው። ሳይታከም ከቀጠለ ደግሞ ከ200 አልፎ ሊሄድና የአንጎል ደም መፍሰስን ጨምሮ ለሕይወት የሚያሰጋ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ደህና በሚሆንባቸው ቀናት ግፊቱን በተለያየ ሰዓት እየለኩ በደብተር ይያዙለት። ደብተሩን ያየ ሐኪም 138ን አይቶ አያልፍም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ደም ቅዳዎች ጠበብና ሰፋ እያሉ ግፊቱን እንዲጠብቁ የሚያደርጋቸው ሲምፓቴቲክ የተባለው የነርቭ ክፍል ትእዛዙን የሚቀበለው ከአንጎል ግንድ ነው፤ ትእዛዙ በኅብለ ሰረሰር ወርዶ ከመጀመሪያው የደረት ክፍል እስከ ሁለተኛው የወገብ ክፍል ባለው መካከል ይወጣል። ጉዳቱ ከስድስተኛው የደረት ክፍል፣ ሐኪሞች ቲ6 ከሚሉት፣ በላይ ሲሆን የሆድ ዕቃን ደም ቅዳዎች የሚያዙት ነርቮች ከአንጎል ይቆረጣሉ። ነርቮቹ ግን አልሞቱም፤ ልጓሙ እንደተበጠሰ ፈረስ ናቸው። የሽንት ፊኛው ሲወጠር ከታች የሚነሣው ምልክት በቀጥታ እነሱን ይቀሰቅሳል፣ ደም ቅዳዎቹ ባንድነት ይጠባሉ፣ ግፊቱም ይተኮሳል። አንጎል ግፊቱ መውጣቱን ያውቃል፤ ወደ ታች ግን «ተዉ» ማለት አይችልም። የቀረው መንገድ ከራስ ቅል በቀጥታ ወጥቶ ልብ ጋ የሚደርሰው ቫገስ ነርቭ ነውና በእሱ በኩል የልብን ምት ያዘገያል። ፊትን የሚያቀላውና የሚያልበውም አንጎል ከጉዳቱ በላይ ያለውን ክፍል ስለሚቆጣጠር ነው፤ ከጉዳቱ በታች ያለው እግር ግን ደም ቅዳዎቹ ስለጠበቡ ይቀዘቅዛል።

ይህ ነገር በሰው ላይ በሚገባ የተመዘገበው እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ጉትማንና ዊተሪጅ የሽንት ፊኛ ሲወጠር የሚሆነውን ለክተው በ1947 ባሳተሙት ጥናት ነው። አይጥ የገባችበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በሰው ላይ ግፊቱ ሲተኮስ ቶሎ ማውረድ እንጂ ቆሞ ማየት አይፈቀድም። የካናዳዎቹ ተመራማሪዎች ክራሲዩኮቭና ዊቨር በ1995 ኅብለ ሰረሰራቸው በላይኛው የደረት ክፍል በተቆረጠ አይጦች ላይ ተመሳሳዩን የግፊት መተኮስ አሳይተዋል። ለወንድምዎ ከዚህ የሚወሰደው ቁጥሩ አይደለም፤ የአይጥና የሰው ልክ አንድ አይሆንምና። የሚወሰደው ቅደም ተከተሉ ነው፦ ውጥረት፣ የግፊት መተኮስ፣ የልብ ምት መዘግየት፣ ውጥረቱ ሲነሣ ደግሞ መመለስ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ገላን ሲሆን የእንስሳት ሕክምና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጥናቴ አይጦችን በ10ኛው የደረት ክፍል ላይ ጉዳት አድርሼ የልብና የደም ሥር ለውጣቸውን ለመከታተል አስቤያለሁ። ላብራቶሪያችን ያለው ግን ግፊትን በጅራት የሚለካ መሣሪያ ብቻ ነው። ይበቃኛል? (ከገላን)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከመሣሪያው በፊት ያሰቡት የጉዳት ቦታ አሳስቦናል። በ10ኛው የደረት ክፍል ላይ የሚደረግ ጉዳት የእግርን እንቅስቃሴ ለሚያጠኑ የተለመደ ምርጫ ነው። ለእርስዎ ጥያቄ ግን ወደ ልብ የሚሄዱት ሲምፓቴቲክ ነርቮችና የሆድ ዕቃን ደም ቅዳዎች ከሚያዙት አብዛኞቹ ከጉዳቱ በላይ ከአንጎል ጋር እንደተገናኙ ስለሚቀሩ፣ ከላይ ለእኅታችን የገለጽነው ዓይነት የግፊት መተኮስ ላያዩ ይችላሉ። ከዚያ «ለውጥ የለም» ብለው ይጽፋሉ፤ የለውጥ አለመኖሩ ግን ቦታው ዝቅ ከማለቱ የመጣ ነው። ለዚህ ዓላማ የሚመረጠው ሦስተኛው ወይም አራተኛው የደረት ክፍል ነው። ሙሉ በሙሉ መቁረጥ በእንስሳት መካከል ያለውን ልዩነት ስለሚያጠብ ለመጀመሪያ ጥናት ይቀላል፤ በምት የሚደርስ ጉዳት ግን በሰው ላይ ለሚሆነው ይቀርባል። ከሁለቱም ጋር አጥንቱ ብቻ ተከፍቶ ኅብለ ሰረሰሩ ሳይነካ የተሰፋ የማነጻጸሪያ ቡድን ያስፈልግዎታል።

ወደ ጅራቱ እንምጣ። ያለዎት መሣሪያ አይጧን ጠባብ ቱቦ ውስጥ አስገብቶ፣ ጅራቷን አሙቆ፣ በጅራቷ ላይ የተጠመጠመውን ማሰሪያ ነፍቶ የሚለካ ነው። ጤነኛ አይጥ ለብዙ ቀናት ካለማመዷት በኋላ ለአማካይ ግፊት ግምት ይጠቅማል፤ የመድኃኒት ጥናቶችም ብዙ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ለተጎዳች አይጥ ግን ሦስት ችግር አለበት። አንደኛ፣ መታሰሩና ሙቀቱ ራሳቸው ግፊትን የሚያንቀሳቅስ ጭንቀት ናቸው፤ ከጉዳቱ በታች ባለው አካሏ ላይ የሚያርፍ ማንኛውም መጫን ደግሞ ሊለኩት ያሰቡትን ምላሽ ራሱን ሊቀሰቅስ ይችላል። ሁለተኛ፣ አንድ ልኬት ለመውሰድ በሚፈጀው ጊዜ ውስጥ ግፊቱ ወጥቶ ሊወርድ ስለሚችል መተኮሱ ያመልጥዎታል። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያስበው፣ የጅራት ደም ቅዳ የአይጥ ሙቀት ማስወገጃ በመሆኑ በሲምፓቴቲክ ነርቭ በጥብቅ የሚታዘዝ መሆኑ ነው፤ ከቆየ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት በኋላ ይህ ደም ቅዳ ለነርቭ ቅስቀሳ የሚሰጠው ምላሽ ከልክ በላይ እንደሚያይል ታውቋል። በሌላ አነጋገር መለኪያዎን የሚያሥሩት በሽታው ባለበት ቦታ ላይ ነው።

ቴሌሜትሪ፣ ማለትም ግፊትን ከሰውነት ውስጥ በሞገድ እያስተላለፉ መለካት፣ የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። አይጧ በማደንዘዣ ሥር ሳለች ጫፉ በጄል የተሞላ ቀጭን ቱቦ ከኩላሊት ደም ቅዳዎች በታች በሆድ አኦርታ (በዋናው ደም ቅዳ) ውስጥ ይገባል፤ ማስተላለፊያው ሆዷ ውስጥ ተሰፍቶ ይቀመጣል፤ ከቤቷ ሥር ያለው መቀበያ ሳህን ሞገዱን እየተቀበለ ለኮምፒውተር ያደርሳል። የባትሪው ዕድሜ እንዲቆይ ማስተላለፊያው በማግኔት ይበራል፣ ይጠፋል። እንስሳዋ በቤቷ ውስጥ እየበላችና እየተኛች እያንዳንዱ የልብ ምት ይመዘገባል። የአይጥ ልብ በደቂቃ ከ300 እስከ 450 ጊዜ ስለሚመታ ምልክቱን በሴኮንድ 1,000 ጊዜ ማንበብ የተለመደ ነው። ማስተላለፊያው የሚገባው ከጉዳቱ አስቀድሞ ሲሆን አንድ ሳምንት ያህል አገግማ የጤነኛነት ልኳ ሊመዘገብ ይገባል፤ ያለ እሱ ኋላ የሚያገኙት ቁጥር ከምን እንደሚነጻጸር አይታወቅም።

ዕቃው ውድ ነው፤ በዚህ አንዋሽም። ገንዘቡ ከሌለ በአንገት ደም ቅዳ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በቆዳ ሥር እስከ ማጅራት አሳልፎ ማውጣትና ከግፊት ማንበቢያ ጋር ማገናኘት ይቻላል። ቱቦው የደም መርጋትን የሚከላከል ሄፓሪን በተቀላቀለበት የጨው ውኃ ካልታጠበ ይደፈናል፣ የሚያገለግለውም ለጥቂት ቀናት ነው፤ ቢሆንም እንስሳዋ ነቅታ ሳለ እያንዳንዱን ምት ያሳያል። በእኛ አስተያየት በጅራት ከሚገኝ የሦስት ወር መዝገብ በእንዲህ ያለ መንገድ የተገኘ የሁለት ቀን መዝገብ ይሻላል።

ምን እንለካ ለሚለው ደግሞ፣ ዕረፍት ላይ ያለ ግፊት መጀመሪያ እንጂ መልስ አይደለም። ከጉዳቱ በኋላ የወደቀው የአይጥ አማካይ ግፊት በቀናት ውስጥ ብዙ ስለሚያገግም፣ በአንድ ወሯ የለካት ሰው ድናለች ሊል ይችላል። ችግሩ የሚታየው ሲነካ ነው። የተለመደው መፈተኛ በካቴተር ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ፊኛ በፊንጢጣ በኩል ወደ ትልቁ አንጀት ገብታ፣ 2 ሚሊ ሊትር ያህል አየር ተነፍቶባት ለአንድ ደቂቃ የምትቆይበት ነው። አይጧ ነቅታና ተረጋግታ መሆን አለባት፤ ፊኛዋ ከገባች በኋላም ግፊቱ እስኪረጋ ጠብቀው ከዚያ ይንፉ። ማያ ገጹ ላይ የሚያዩት ይህ ነው፦ አየሩ እንደገባ የግፊቱ መስመር በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፣ ከሱ ተከትሎ በምቶቹ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፣ አየሩ ሲለቀቅ ሁለቱም ይመለሳሉ። ማነጻጸሪያዋ አይጥ ላይ ያን ያህል መተኮስ አያዩም። ሲቀመጡ የሚወርደውን ግፊት ለማጥናት ደግሞ አይጧን በሚያጋድል ሰሌዳ ላይ አድርገው ራሷን ቀና ማድረግ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን የ24 ሰዓት መዝገብ ካለዎት፣ ማንም ሳይነካት በራሱ የሚነሣውን መተኮስ መቁጠር ይችላሉ። ለመቁጠር ግፊት ሲወጣ ማየት ብቻ አይበቃም፤ አይጥ ስትሯሯጥም ግፊቷ ይወጣልና። ግፊቱ ሲወጣ የልብ ምቱ አብሮ መውረዱ ነው የሚለየው። ስትሮጥ ሁለቱም ይወጣሉ። አይጥ የሌሊት እንስሳ ስለሆነች የቀን ብቻ መዝገብ ግማሹን ሕይወቷን ያስቀራል።

በልብ ምት መለዋወጥ፣ ማለትም በምቶች መካከል ያለው ርቀት ከምት ወደ ምት በመለያየቱ፣ ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል። የሰው መመዘኛ ድግግሞሾች ለአይጥ አይሆኑም፤ አይጥ በደቂቃ ከ70 እስከ 115 ጊዜ ያህል ስለምትተነፍስ ከትንፋሽ ጋር የሚሄደው መለዋወጥ ከ1 ኸርዝ (በሴኮንድ ከአንድ ጊዜ) በላይ ነው፣ የሰው ግን ከ0.15 እስከ 0.4 ባለው ውስጥ። የዝቅተኛውን ድግግሞሽ ኃይል «የሲምፓቴቲክ መጠን» ብሎ መጻፍም አያስኬድም፤ ቫገስም ስለሚነካው። የልብን ጡንቻ በራሱ ለማየት አልትራሳውንድ እየደጋገሙ ማንሣት ይቻላል። በግራው የልብ ክፍል ውስጥ ግፊትንና መጠንን ባንድነት የሚያነበው ካቴተር የበለጠ ይነግራል፤ ግን በማደንዘዣ ሥር የሚደረግና አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻ ልኬት ነው። አይሶፍሉሬን የተባለው ማደንዘዣ ደም ቅዳዎችን ስለሚያሰፋና የግፊት መቆጣጠሪያውን ምላሽ ስለሚያዳክም፣ የነቃችን አይጥ ቁጥር ከተኛችው ቁጥር ጋር በአንድ ሰንጠረዥ አያስቀምጡ።

የቀረው የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው፤ ጥናቶች የሚበላሹትም እዚህ ነው። የሽንት ፊኛዋ በራሱ ባዶ መሆን እስኪጀምር የአይጧ ሽንት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በእጅ ተጭኖ መውጣት አለበት፤ ሽንቷ የሞላ አይጥ ላይ የለኩት «የዕረፍት» ግፊት የዕረፍት አይደለም። (ለዚህ ሥራ ሴቶቹ የሚመረጡት የሽንት መውጫ ቱቧቸው አጭር በመሆኑ ስለሚቀል ነው፤ ይህ ምርጫ ግን በአብዛኛው ወንዶች በሚጎዱበት በሽታ ላይ የምናውቀውን አንድ ወገን አድርጎታል።) የላይኛው የደረት ጉዳት ያላት አይጥ ሙቀቷን መጠበቅ አትችልም፤ በእናንተ አካባቢ የክረምት ሌሊት ያለ ማሞቂያ ከተተወች ሳትለካ ትሞትብዎታለች። መብራት ሲጠፋ መዝገቡ እንዳይቋረጥ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ያዘጋጁ፣ የተቋረጠበትንም ሰዓት ይጻፉ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ ስለሆኑ ከውጭ ጽሑፍ የተወሰደ መነሻ ልክ ሳይሆን የራስዎን ማነጻጸሪያ ቡድን ይመኑ። የሚለካው ሰው የትኛዋ አይጥ ከየትኛው ቡድን እንደሆነች ባያውቅ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ አውቆ የእንስሳ ወገብ መስበር ኃጢአት አይደለም ወይ? ኮምፒውተር በሞላበት ዘመን ይህ ለምን አስፈለገ? (ከቡራዩ)

መልስ፦ ኃጢአት ነው አይደለም የሚለውን ለንስሐ አባትዎ እንተወዋለን። በሳይንሱ በኩል ግን በሕይወት ያለ ልብ፣ ደም ቅዳ፣ አንጀትና ነርቭ ባንድነት የሚሰጡትን ምላሽ ሙሉ በሙሉ የሚተካ የኮምፒውተር ስሌት እስካሁን የለም። ራስልና በርች በ1959 ባወጡት መርሕ መሠረት ተመራማሪ በእንስሳ ከመሥራቱ በፊት መተካት፣ ቁጥር መቀነስና ሥቃይ ማቅለል ይቻል እንደሆነ እንዲያስብ ይጠበቃል። አንዲቷን አይጥ ከጉዳቷ በፊትና በኋላ ለሳምንታት መከታተል በየጊዜው ሌሎችን ከመግደል ያድናል። እኛም የማንደግፈው አለ፦ ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ያለ ማስታገሻ፣ ወይም ከመጀመሪያው መልስ ሊያስገኝ በማይችል መለኪያ እንስሳን መጉዳት።

ጥያቄ፦ በተሽከርካሪ ወንበር የምኖር ሰው ነኝ። ጠዋት ከአልጋ ሲያስቀምጡኝ ዓይኔ ይጨልማል፣ ራሴን ልስት እደርሳለሁ። ከዚህ ሁሉ የአይጥ ጥናት ለእኔ ቢጤ የደረሰ ነገር አለ? (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ያለብዎ የእኅታችን ወንድም ችግር ተቃራኒው ገጽ ይመስላል፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ሲቀመጡ ደሙ ወደ ሆድና እግር ይወርዳል፣ ደም ቅዳዎቹን የሚያጠብበው ትእዛዝ ግን አይደርስም። ከተኙበት ቀና ባሉ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ግፊት በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ መጠሪያው ኦርቶስታቲክ ሃይፖቴንሽን ነው።

የደረሰ ነገር አለ። በስዊዘርላንድ ሎዛንና በካናዳ ካልጋሪ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በጥር 2021 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በተጎዱ አይጦች ላይ ኅብለ ሰረሰሩን ክፍል በክፍል በኤሌክትሪክ እየቀሰቀሱ ግፊቱን ለክተው፣ ግፊትን በብርቱ የሚያወጣው የደረት የመጨረሻዎቹ ሦስት ክፍሎች መሆናቸውን አግኝተዋል። ከዚያ ግፊቱ ሲወርድ ቅስቀሳውን በራሱ የሚጨምር፣ ሲወጣ የሚቀንስ መሣሪያ አገናኙበት፤ በዝንጀሮ ወገኖች ላይ ደገሙት፤ በመጨረሻም ኅብለ ሰረሰሩ በተጎዳ አንድ ሰው ላይ ሞከሩት፣ ግፊቱም ተረጋጋ። ቦታውን ማግኘት የተቻለው ግፊቱ በእያንዳንዱ ምት ስለተለካ ነው።

ይህ መሣሪያ ገና ለእርስዎ በቅርብ የሚገኝ አይደለም። ዛሬ የሚቻለው ከመነሣትዎ በፊት ሆድዎን በሰፊ መቀነት መታጠቅ፣ የአልጋዎን ራስጌ ከፍ አድርገው በየደረጃው ቀና ማለት፣ ውኃ በበቂ መጠጣትና ሚዶድሪን የተባለው መድኃኒት ለእርስዎ ይሆን እንደሆነ ሐኪምዎን መጠየቅ ነው። ሚዶድሪን ተኝተው ሳሉ ግፊት ስለሚያወጣ ከመኝታ በፊት አይወሰድም። ወደ ሐኪም ሲሄዱ ተኝተው፣ እንደተቀመጡና ከ3 ደቂቃ በኋላ የተለካውን ሦስቱንም ግፊት ከነሰዓቱ ጽፈው ይውሰዱ።